በአጥንቱ የቀረው ፒክአፕ

ባለቤቴ ሲሞት መኪናው ግቢያችን ውስጥ በአጥንቱ ነበር። ጋቢናው ከግንቡ ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጧል። ሞተሩ ሸራ ለብሶ በረንዳው ሥር ነው። የጭነት ሳጥኑ የጓሮውን አጥር ተደግፎ ቆሟል። መሃል ግቢው ላይ ደግሞ ሻንሲው ብቻውን ብሎኬት ላይ ተዘርግቷል፤ ሁለት ረጃጅም ብረቶች፣ በመካከላቸው እንደ መሰላል የተጋደሙ አጫጭር ብረቶች። የዝገት መከላከያውን የቀባው በዚያው ሳምንት ስለነበር ቀይ ቀለሙ ገና ሽታው አልወጣለትም ነበር።

ይህን የምጽፈው በዝግታ ነው። አንዳንድ ቀን አንድ መስመር ብቻ ይወጣኛል።

ፒክአፑ ክብ መብራት ያለው፣ ባለ አንድ ጋቢና የጃፓን መኪና ነው፤ ዕድሜው ከትዳራችን ብዙም አይተናነስም። ባለቤቴ ቴክኒክ ትምህርት ቤት የብረታ ብረት ሥራ ሲያስተምር ኖሮ ጡረታ እንደወጣ፣ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ ሥር ዶሮ ሲያድርበት አግኝቶ ገዛው። ወደ ቤት የገባው በራሱ ሞተር ነው። ያጨሳል፣ ያንቋርራል፣ ግን ይሄዳል። የሰፈሩ ሰው ወጥቶ እንኳን ደስ ያላችሁ አለን። ባለቤቴ ሳምንት ሳይሞላው መፍታት ጀመረ።

ፊት ለፊታችን የምትኖር፣ ገበያ ውስጥ የምትነግድ ጎረቤት አለችን። የሲዳማ ልጅ ናት፤ ድምፅዋ ከቤቷ ቀድሞ ነው ግቢያችን የሚገባው። በሩ ላይ ቆማ ታየው ነበር።

«መምህር፣ ሰው መኪና ሲገዛ ይነዳል። እርስዎ ገዝተው ያፈርሳሉ?»

«እየመረመርኩት ነው።»

«ሐኪምም እኮ በሽተኛውን እንዲህ አይዘረግፍም!»

እሱ ይስቅና ወደ ሥራው ይመለሳል። እኔም መጀመሪያ ላይ ከእሷ ጋር ነበርኩ። የሚሄድ መኪና ለምን ይፈታል? አንድ ቀን ከኩሽና ጠራኝና ሻንሲው ሥር አንበረከከኝ። «ጣትሽን እዚህ አድርጊ» አለ። ቀለሙ ለስላሳ ነበር። በቢላ ፋቅ ሲያደርገው ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ወጣ፤ ስቱኮው ሲፈረፈር ደግሞ ከሥሩ ጥፍሬ የሚገባበት ስንጥቅ ታየ። የሆነ ሰው የተሰበረውን ብረት በመበየድ ፈንታ ሞልቶ ቀብቶ ሸጦታል።

«ከላይ ያምራል» አለኝ። «ጭነው ቢሄዱበት ግን መንገድ ላይ ለሁለት ይከፈል ነበር።»

«ታዲያ ምን ይደረጋል?»

«እስከ አጥንቱ ይፈታል። ከዚያ ከአጥንቱ ይነሣል።»

ከዚያ በኋላ መጠየቅ ተውኩ። የወተት ዱቄትና የቲማቲም ድልህ ጣሳ ባዶ ሲሆን አልጥለውም፤ ለእሱ ነው የማስቀምጠው። የሚፈታውን ቡሎን ያጸዳና በጣሳ በጣሳ ያደርገዋል። ጽሑፍ አይጽፍበትም፣ ምልክት አያደርግበትም። ጣሳዎቹን በረንዳው ጠርዝ ላይ ደረደራቸው፤ በበሩ በኩል ያለው የመጀመሪያው ጣሳ የፊት ፓራውልቱ ነው፣ ኩሽናው ጋ ያለው የመጨረሻው የኋላ ስፖንዳው። መኪናው ከፊት እስከ ኋላ በጣሳ ተሰልፎ ነበር ማለት ይቻላል። በረንዳውን ስጠርግ መጥረጊያዬ በዙሪያቸው እንጂ በእነሱ አያልፍም።

አንድ ጠዋት ደረቴን ከበደኝ አለ። ባጃጅ ጠራን። መንገድ ላይ እጄን ይዞ «የውሃውን ቧንቧ ዘግተሻል?» ብሎ ጠየቀኝ። ዘግቼዋለሁ አልኩት። ከዚያ በኋላ ያለውን አልጽፈውም።

ወደ ቤት ሲመልሱኝ ግቢው ሰው ሞልቶበታል፤ እድሩ ድንኳኑን ተክሎ ጨርሷል። ሻንሲውን ከቦታው ማንሣት ስላልቻሉ ድንኳኑን ከነእሱ ተከሉት። ወንበር አልበቃ ሲል ደግሞ ሳንቃ አምጥተው በሁለቱ ብረቶች ላይ ዘረጉና ምንጣፍ ደረቡበት። ሐዘንተኛው እየመጣ እዚያ ይቀመጣል። የቤተ ክርስቲያናችን ዘማሪዎች ከሞተሩ አጠገብ ቆመው ዘመሩ። እኔ ፍራሽ ላይ ሆኜ በሰዎች እግር መካከል ቀዩን ብረት አያለሁ። ስንቱን ሰው ተሸከመ። ሳንቃው ሲንቋቋ እሰማለሁ፤ ሻንሲው ግን ድምፅ አላሰማም።

ድንኳኑ በተነሣበት ቀን ሴቶቹ ዕቃ ሲያጥቡ በረንዳው ላይ ወጣሁ። ጠርዙ ባዶ ነው። በሳሙና ታጥቧል። ጣሳዎቹን አየኋቸው፤ አንዱ ስኳር ይዟል፣ አንዱ ሻይ ቅጠል፣ የቀሩት ማንኪያ። ሁሉም ያበራሉ።

«ውስጣቸው የነበረው የት ገባ?» አልኩ።

ጎረቤቴ እጇን በቀሚሷ እየጠረገች መጣች። «የቱ? ብረቱ? እሱን አንድ ላይ አድርጌ ማዳበሪያ ውስጥ ከተትኩታ። ዝገቱ የሰው ልብስ እንዳይነካ ብዬ። ምነው?»

ምን ይባላል? ሐዘን ቤት ውስጥ የምታየው ቆሻሻ ሁሉ ለእሷ ነውር ነው፤ ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ስታጸዳልኝ የነበረች ሴት ናት። ማዳበሪያውን ለማንሣት ሞከርኩ፤ ከመሬት አልለቀቀም። አጠገቡ ተቀመጥኩ።

በእኛ ዘንድ የሟች ልብስና ጫማ ቤት ውስጥ አይቆይም። የሚስትን ዓይን እንዳያቆስል ይሰጣል። ይህን ያደረገልኝ የባለቤቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ እዚሁ አዲስ ከተማ ሰፈር ሱቅ ያለው፣ ለሰው የሚሮጥ ሰው ነው፣ ክፋት አያውቅም። እኔ ሳልጠይቅ ሻንጣዎቹን ሞልቶ ወሰደልኝ። ጥቂት ቆይቶ ሐይቅ ዳር በኩል ሳልፍ የባለቤቴን ቡናማ ኮት አንድ ሆቴል በር ላይ የቆመ ጥበቃ ለብሶት አየሁ። እጅጌው ረዝሞበት አጥፎታል። ሰውየው ሰላም አለኝ፤ እኔም ሰላም ብዬ አለፍኩ። ቤት እስክደርስ ድረስ ግን የቀረው ይታየኝ ነበር፤ ሸሚዙ አንድ ሰፈር፣ ጫማው ሌላ ሰፈር፣ ባርኔጣው ማን ያውቃል የት።

በዚያው ሰሞን ነው ወንድሙ አንድ ኮፍያ ያደረገ ሰው ይዞ የመጣው።

«እትዬ፣ ይሄንን ከዓይንዎ እናንሣልዎ ብለን ነው» አለኝ።

ሰውየው ጋቢናውን በጣቱ መታ መታ አደረገ፤ ሸራውን ገልጦ ሞተሩን አየ። «ጋቢናውን እኔ እወስደዋለሁ። ሞተሩን የሚፈልግ ሰው አለኝ። ሻንሲው እንግዲህ ለብረት ነው።»

«ለብረት ማለት?»

«ይቆረጣል ማለት ነው፣ እናቴ።»

«አይቆረጥም» አልኩ። እንዲህ እንደምናገር አላወቅሁም ነበር።

ወንድሙ በዝግታ፣ ልጅ እንደሚያባብል፣ «ታዲያ ማን ይገጥመዋል? እሱ የለም እኮ፣ እትዬ» አለኝ።

«አስገጥመዋለሁ። በጎማው ቆሞ፣ ሙሉ ሆኖ፣ በዚህ በር ይወጣል። ከዚያ በኋላ ሽጠው፣ አልከለክልህም። በየቁራጩ ግን ከዚህ ግቢ አይወጣም።»

ኮፍያ ያደረገው ሰው ሳቀ። ወንድሙ አልሳቀም፤ ይህን ሁልጊዜ አስብለታለሁ። ሻንሲው ላይ እጁን አኖረና «እስከ መቼ?» አለ።

«ክረምቱ እስኪወጣ።»

«ክረምቱ ወጥቶ እንዲሁ ከሆነስ?»

«እንዲሁ ከሆነ የፈለግኸውን ሰው አምጣ።»

እንዲህ ተስማማን። ከዚያን ቀን ጀምሮ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ሆነ። ባለቤቴን በየሰዉ ትከሻ በትነውታል፤ መኪናውን አላስበትንም።

ባለቤቴ የሚያማክረው አንድ ሽማግሌ መካኒክ ነበር፤ ወደ ቱላ በሚወስደው መንገድ ዳር ጋራዥ አለው። ልጠይቀው ስሄድ ቃሌን ሳልጨርስ እሑድ እሑድ ከአምልኮ በኋላ እመጣለሁ አለኝ። በመጀመሪያው እሑድ ማዳበሪያውን አብረን ሳፋ ላይ ገለበጥነው። እጁን ክምሩ ውስጥ ከተተ።

«ይሄንን አንድ ፈጣሪ ነው የሚለየው» አለ። «እህቴ፣ ሁሉንም አዲስ እንግዛና እንገላገል።»

«እሱ አንድ በአንድ ያጸዳቸው ናቸው፣ ጋሼ።»

አንዱን ቡሎን አንሥቶ በጣቱ አሽከረከረው። ከዚያ «እንግዲያው ለዪልኝ። በውፍረት፣ በርዝመት፣ በጥርስ። እኔ ለክቼ እገጥማለሁ። ፍሬኑ ላይ ያሉት ግን አዲስ ይገዛሉ። ፍሬን ላይ ትዝታ አላስርም» አለኝ። በዚህ አልተከራከርኩትም።

ጎረቤቴ ማግስቱን በርጩማዋን ይዛ መጣች። ማን እንደነገራት አላውቅም። «የደባለቅሁት እኔ አይደለሁ? እኔው እለያለሁ» ብላ ተቀመጠች። ሳፋው ውስጥ ላምባ ጨምረን በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ እያሸን፣ ዳዶውን በየቡሎኑ ላይ በጣታችን እየሞከርን መለየት ጀመርን። ከትምህርት ቤት ስመለስ ተቀምጣ አገኛታለሁ። እኔ የግማሽ ቀን አስተማሪ ነኝ፤ እሷ ደግሞ ገበያዋን ለእህቷ ትታ ትመጣለች።

«ይሄ እንደ ቡና ለቀማ ነው» ትለኛለች። «ትልቁ ወዲህ፣ ትንሹ ወዲያ። የተበላሸው ለብቻው።»

አንድ ከሰዓት በኋላ የያዘችው ዳዶ እምቢ አላት። እየታገለች ግንባሯ ላበው።

«አትግፊው» አልኳት። «ጥርሱ ይበላሻል። የሌላ ነው።»

«በግድ የተዳረ ነገር አይሆንም በይኛ! እኔስ መጀመሪያ የዳሩኝ እንዲህ አልነበር? ወይ አይገባ፣ ወይ አይወጣ…»

ሳቅሁ። ከቀብሩ ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር፤ ድምፁ ለራሴ እንግዳ ሆነብኝ። እሷ ደንግጣ አፏን ያዘች። «ይቅር በይኝ፣ አፌ ነው…»

«ተይው» አልኳት። «ጨርሺልኝ እንጂ፤ ከዚያስ?»

ታሪኩን ጨረሰችልኝ። እዚህ የሚጻፍ አይደለም።

ዝናቡ ሲጀምር መካኒኩ ከእድሩ ሸራ ለምኖ ሻንሲው ላይ ወጠረ። ባለቤቴ ስንጥቁን የበየደበትን ቦታ በመዶሻ እየመታ በጆሮው አዳመጠና «ይሄ አይነካም» አለ። ባሌስትራው ታሰረ፤ አክሱሉ ገባ። ሻንሲው ከብሎኬቶቹ ተነሥቶ በራሱ ጎማ የቆመ ዕለት ብሎኬቶቹን ወደ ጥግ ያዞርኳቸው እኔ ነኝ፤ በነበሩበት መሬት ላይ ሣር ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ሞተሩን በሦስት ግንድና በሰንሰለት አንጠልጥለው አወረዱት። ጋቢናው የተመለሰበትን እሑድ የሰፈሩ ወንዶች ሁሉ ከነቤተ ክርስቲያን ልብሳቸው መጥተው በትከሻቸው አነሡት። «ወደ እኔ! ወደ እኔ!» «አንተ ጋ ምን አለ፣ ድንጋይ ተሸክመሃል?» «ቀስ! እግሬ ሥር ነው!» የጋቢናው አራት ቀዳዳ ሻንሲው ላይ ካሉት አራት ቀዳዳዎች ጋር ገጥሞ ሲቀመጥ ሁሉም በአንድ ጊዜ እጃቸውን አነሡ። መካኒኩ ከደረት ኪሱ የለየናቸውን ቡሎኖች አወጣ። ገቡ።

የትኞቹ ቡሎኖች ያለቦታቸው እንደታሰሩ አሁንም አላውቅም። አንዳንዶቹ በእርግጥ ያለቦታቸው ናቸው። መካኒኩ ውፍረታቸውና ጥንካሬያቸው ከሆነ ይበቃል ይላል፤ አምኜዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሥራው መጓተት ጀመረ። ምክንያቱ ዝናቡ ብቻ አልነበረም። ባለቤቴ ምን ቀለም እንደሚቀባው ነግሮኝ አያውቅም። ነጩን ሲፍቁት ከሥሩ ሰማያዊ ስለወጣ ሰማያዊ ይሁን አልኩ። ተቀባ። ጠቆረብኝ አልኩና እንደገና ተቀባ። ደግሞ ግቢያችን ዛፍ ላይ የሚያድሩት አባ ኮዳዎች፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ በኮፈኑ ላይ ኩሳቸውን ጣሉበት፤ ይፋቅ አልኩ። የወንበሩ ልብስ አልተስማማኝም፤ ተቀደደ፣ ሌላ ተሰፋ። የበሩ መስታወት ሲወርድ ያንቋርራል አልኩ። መካኒኩ እየመጣ ያልኩትን ሁሉ ያደርጋል። አንድ እሑድ ግን መፍቻዎቹን ከሳጥኑ አላወጣም፤ በረንዳው ላይ ተቀምጦ ያቀረብኩለትን ሻይ ጠጣ።

«እህቴ» አለኝ፣ «መኪናው እኮ አልቋል።»

«ፍሬኑ አልተሠራም።»

«ፍሬኑ ተገጥሟል። የቀረው ከዘይቱ መስመር ውስጥ አየሩን ማስወጣት ነው። እሱ ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንድ የሚረግጥ፣ አንድ ከሥር የሚያስወጣ። ስንት እሑድ ነው ነይ ርገጪልኝ ስልሽ ዛሬ አመመኝ፣ ዛሬ እንግዳ አለብኝ ያልሽኝ?»

ካለቀ ይወጣል። ሳይወጣ እንዲቀር የፈለግሁ መሆኔን በዚያች ሰዓት ነው ያወቅሁት። መኪናው እስካላለቀ ድረስ እሑድ ይመጣል፣ መዶሻ ይሰማል፣ ሰው ስለ እሱ ሥራ ያወራል። ሲያልቅ ይህ ሁሉ ያበቃል። እንዳይበተን ብዬ የጀመርኩትን ነገር እኔው ራሴ አስሬ ይዤዋለሁ። መኪና ደግሞ ቆሞ አይጠበቅም፤ በሐይቁ አየር ከሥር ጀምሮ ይበላል፤ ከላይ ስንቀባው፣ ከሥር ሲበላ፣ መጨረሻው ያ ስቱኮ የሞሉበት ሻንሲ ይሆናል። ባለቤቴ ያን ያህል የለፋው ይህ እንዳይሆን ነበር።

«የሚመጣው እሑድ እረግጥልዎታለሁ» አልኩት።

በቀጠሮው እሑድ የባለቤቴ ወንድም መጣ። ዝናቡ አቁሟል፤ ቀኑ ደርሷል፤ እሱ ግን ስለ ቀን አላነሣም። ነጭ ሸሚዝ ለብሶ፣ እጁን ኪሱ ከትቶ፣ በመኪናው ዙሪያ ዞረ። መካኒኩ ከጎማው ሥር ሆኖ ጠራው።

«አንተ፣ ቆመህ ከምታይ ና እዚህ ተኛ። ይሄን ቱቦ ያዝልኝ።»

«እንደዚህ ለብሼ?»

«ወንድምህ በየትኛው ልብሱ የተኛ ይመስልሃል?»

ሸሚዙን እንደለበሰ ጀርባውን መሬት ላይ ጣለ። እኔ ከመሪው ኋላ ተቀመጥኩ። መንዳት አልችልም፤ እዚያ ወንበር ላይ ተቀምጬ አላውቅም። መካኒኩ «ርገጪ!» ሲለኝ ረገጥኩ። ፔዳሉ ምንም ሳይከለክለው እስከ ወለሉ ወረደ፤ ባዶ ነገር የረገጥኩ መሰለኝ።

«ያዢው! እንዳትለቂ! …እሺ፣ ልቀቂ። እንደገና።»

«አረፋ አለ» ይላል ወንድሙ ከሥር። ቱቦው ጠርሙስ ውስጥ ገብቷል፤ የሚያየው እሱን ነው። «አሁንም አለ። …አለ። …ጋሼ፣ አሁን ትንሽ ነው።»

«ርገጪ!»

«የለም! አሁን የለም!»

በአራቱም ጎማ እንዲህ ዞርን። በዞርን ቁጥር ፔዳሉ ከእግሬ በታች እየጠነከረ፣ እየገፋኝ መጣ። መጨረሻ ላይ በሙሉ ጉልበቴ ብረግጠው ግማሽ መንገድ ላይ ቆሞ አልወርድም አለ። እግሬን አላነሣሁም። ማንም አንሺ አላለኝም።

ወንድሙ ሲነሣ የሸሚዙ ጀርባ መሬት መስሏል፣ ደረቱ ላይ የፍሬን ዘይት ፈሶበታል። ወደ በሩ ተጠጋና መስታወቱ ላይ ክንዱን አኖረ። ዓይኑ ቀልቶ ነበር።

«እትዬ» አለኝ፣ «ከፈለጉ ይቆይ። ልሽጠው ያልኩት እርስዎን ስለሚያሳዝን ነበር እንጂ… ይቆይ።»

ትንሽ አሰብኩ። በእውነቱ ብዙ ጊዜ አልፈጀብኝም።

«አይ፣ ሰው ፈልግለት» አልኩት። «ለማሳያ የሚያቆመው እንዳይሆን። የሚጭንበት ሰው ይሁን።»

መኪናው የዓመቱን ምርመራ ካለፈ በኋላ ሰውየው ተገኘ፤ ቱላ አካባቢ ጎመንና አቮካዶ የሚያመርት ገበሬ ነው። ከሚስቱ ጋር መጣ። ስለ ቀለሙ አንድም ቃል አልተናገረም። ምን ያህል ይችላል ብሎ ጠየቀ። እኔም የማውቀውን ሁሉ ነገርኩት፤ ሻንሲው በግራ በኩል ተሰብሮ እንደነበረ፣ የት ጋ እንደተበየደ፣ ማን እንደበየደው። አጎንብሼ አሳየሁት። ሚስቱ አብራኝ አጎነበሰች።

«አንቺ ነሽ የሠራሽው?» አለችኝ።

«ባለቤቴ ነው የጀመረው።»

«የት አለ?»

«አርፏል።»

«እግዚአብሔር ያጽናሽ» አለችና ብየዳውን በጣቷ ነካችው። ከዚያ ባሏን በሲዳምኛ አንድ ነገር አለችው፤ እሱም ራሱን ነቀነቀ። ምን እንዳለችው አልጠየቅሁም።

መንገዳችን ኮብልስቶን ከተነጠፈበት ወዲህ የውሃ ቦዩ በራችንን አጥብቦታል። ገበሬው ወደ ኋላ ሲያወጣው የመጀመሪያው አልሆነለትም፤ መልሶ ገባ። ሁለተኛው ደግሞ የመብራት ምሰሶውን ሊነካ ሆነ። መንገዱ ላይ ወጥቼ ከመኪናው ኋላ ቆምኩና በእጄ መራሁት። «ወደ ግራ… ትንሽ… ና… ና… በቃ!»

«በቃ» ስል ፍሬኑ ያዘ። በምሰሶውና በስፖንዳው መካከል አንድ ስንዝር ያህል ቀርቷል። ገበሬው በመስኮቱ ራሱን አውጥቶ አየኝ፤ ሂድ አልኩት። መሪውን አዞረና ቀጥ አድርጎ ወደ ቱላ መንገድ ወጣ።